ዲቢኤ ለመጀመር ኦራክል ወይስ ፖስትግሬስ? የአንድ ክር ውሎ

በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ የጥያቄና መልስ ክር ነው፤ መልሶቹን በቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ። መክፈቻው አጭር ነው። ጠያቂዋ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች። ከዳታቤዝ ዳታ የሚያወጡትን ትእዛዞች፣ ሰሌክትና ጆይንን ታውቃለች፤ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ አላት። አራት ኪሎ ቆማ የምታገላብጣቸው የሥራ ማስታወቂያዎች ግን ለዳታቤዝ አስተዳዳሪ (ዲቢኤ) ሁለትና ሦስት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ፤ ዜሮ ዓመት የሚል የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ማወቅ የፈለገችው ከሁለቱ የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ከኦራክል ትጀምር ወይስ ከፖስትግሬስ የሚለውን ብቻ ነው። ከሥሩ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጋለች፤ ዲቢኤ ማለት ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄ፣ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ነው ሲባል ሰምታለች። ክሩን ያስረዘመችው እሷ ዓረፍተ ነገር ናት።

ቁጥር 1 በትሕትና ገባ። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ጥያቄው ከጅራቱ መያዙን ነገራት። ኩዌሪ መጻፍ የፕሮግራመሩም የሪፖርት ሠሪውም ሥራ ነው። ለዲቢኤ ደሞዝ የሚከፈለው ዳታ የጠፋ ዕለት እንዲመልሰው ነው። ስለዚህ የትኛውም ዳታቤዝ ይሁን፣ አስቀድሞ የሚለመደው ባክአፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ) መውሰድ ሳይሆን ከባክአፕ መመለስ (ሪስቶር) ነው ባይ ነው። ሪስቶር ተደርጎ ያልታየ ባክአፕ ለሱ ዲስክ የሚያጣብብ ፋይል ብቻ ነው።

ቁጥር 2 አንድ መስመር ናት፤ ኦራክል፣ ምክንያቱም ባንክ። ሌላ አልጨመረም።

ቁጥር 3 ያንኑ ዘረዘረው። ከሜክሲኮ በሰንጋተራ አድርጎ እስከ ብሔራዊ ቴአትር የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረዋል። ፍሌክስኪዩብን የመሰለ የኮር ባንኪንግ ሥርዓት፣ የባንኩ ዋና የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የሚቀመጠው ኦራክል ላይ ነው፤ ሌላው እንዲህ ያለ ሥርዓት ቲ24ም ኦራክል ላይ መቀመጥ ይችላል። ለመማሪያ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ኦራክል ነጻ እትም አለው። ገደቡ 2 የሲፒዩ ትሬድ፣ 2 ጊጋ ራምና 12 ጊጋ የተጠቃሚ ዳታ ነው፤ ለልምምድ ይተርፋል።

ቁጥር 4 ከዚህ ጋር ባይጣላም በላፕቶፑ በኩል መጣ። አንድ ዳታቤዝ መትከል ማንም ያደርገዋል፤ ሥራው ያለው ሁለተኛውን ሰርቨር ተጠባባቂ አድርጎ ማቆም ላይ ነው። በ8 ጊጋ ራም ሁለት ኦራክል ጎን ለጎን ማስኬድ ላፕቶፑን ያስለቅሰዋል። ሁለት ፖስትግሬስ ግን ሳይከብደው ይሄዳል፤ ሙሉ ኮፒ የሚወስደውን ፒጂ ቤዝባካፕን በካፒታል አር አማራጭ ማዘዝ ብቻ ተጠባባቂውን አዘጋጅቶ ይሰጣል። በፖስትግሬስ ሐሳቡን ይዛ ወደ ኦራክል ብትሻገር ያተርፋታል የሚል ነው።

ቁጥር 5 የክሩ እምብርት ነው። ርዝመቱ ከሌሎቹ አምስት እጥፍ ቢሆንም አንድም የሚጣል መስመር የለውም። ላፕቶፑ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ሶፍትዌር) ይጫናል፤ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ይፈጠራል፤ ለእያንዳንዳቸው 2 ጊጋ ራምና 25 ጊጋ ዲስክ። ሊኑክሱ ኡቡንቱ ሰርቨር ወይም ዴቢያን ይሁን፣ ዴስክቶፕ ግን አይጫንበት። ፖስትግሬስ ከተተከለ በኋላ ጄነሬት ሲሪስ በሚባለው ፈንክሽን 5 ሚሊዮን ረድፍ ያለው የገንዘብ እንቅስቃሴ ቴብል ይሠራል። እሱን ባክአፕ በሚያወጣው ፒጂ ደምፕ፣ በከስተም ፎርማት አውጥቶ ሁለተኛው ማሽን ላይ በፒጂ ሪስቶር መመለስ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ነው። ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይጻፍ ይላል፤ የጠፋበት መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው በስንት ደቂቃ ይመለሳል ብሎ ነውና።

ሁለተኛውና ዋናው ልምምድ ከዚህ ይቀጥላል። ፒጂ ደምፕ የሚመልሰው የተወሰደበትን ቅጽበት ብቻ ነው። ሌሊት ተወስዶ በማግስቱ ከሰዓት ቴብሉ ቢጠፋ የጠዋቱ ገቢና ወጪ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ይህን የሚሞላው ዋል የሚባለው ሎግ ነው፤ ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ ከዳታው ፋይል በፊት እዚያ ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 16 ሜጋባይት ነው። ቁራጮቹን የሚያስቀምጠው አርካይቭ ሞድ ይከፈታል፤ ለዚህ ሪሎድ (ቅንብሩን ብቻ እንደገና ማስነበብ) አይበቃም፣ ሰርቪሱ ሪስታርት መደረግ አለበት። አርካይቭ ኮማንድ ውስጥ ቁራጮቹን ወደ ሌላ ፎልደር የሚገለብጥ ትእዛዝ ይገባል። ፎልደሩ ፖስትግሬስ የሚባለው ዩዘር የሚጽፍበት ካልሆነ ግልበጣው ይከሽፋል፤ ከሽፎም ዝም ብሎ አይቀርም። ፖስትግሬስ ያልተገለበጠ ቁራጭ ስለማይጥል ዋሉ ዲስኩ እስኪሞላ ይከመራል፤ ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ ይቆማል። ጀማሪ ባክአፕ ላዘጋጅ ብሎ ሰርቨር የሚያቆመው በዚች መንገድ ነው ይላል።

ከዚያ በፒጂ ቤዝባካፕ ሙሉ ኮፒ ይወሰዳል። ሰዓት ይያዛል። ዌር የሌለው ዴሊት፣ ማለትም የቴብሉን ረድፍ ሁሉ የሚያጠፋ ትእዛዝ፣ ይሰጣል፤ ሆን ተብሎ። አሁን ሰርቪሱን አቁሞ፣ ሙሉ ኮፒውን ወደ ቦታው መልሶ፣ ሪስቶር ኮማንድና ሪከቨሪ ታርጌት ታይም የሚባሉትን ቅንብሮች መሙላትና ሪከቨሪ ነጥብ ሲግናል (recovery.signal) የሚባል ባዶ ፋይል ዳታ ፎልደሩ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ታርጌቱ፣ ማለትም ዳታቤዙ የሚመለስበት ጊዜ፣ ከዴሊቱ አንድ ደቂቃ ቀደም ያለው ሰዓት ነው። ሰርቪሱ ሲነሣ ረድፎቹ ተመልሰው ይታያሉ፤ መጻፍ ግን እምቢ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አበላሸሁ ብሎ ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምራል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ፖስትግሬስ የተባለው ሰዓት ሲደርስ ቆም ብሎ እንዲጠብቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሰውየው ዳታውን አይቶ ልክ ነው ካለ ፒጂ ዋል ሪፕሌይ ሪዚዩም የሚለውን ፈንክሽን ሲጠራ ይከፈታል።

ቁጥር 6 አመስግኖ ሁለት ነገር አረመ። ያረጁ መማሪያዎች ሪከቨሪ ነጥብ ኮንፍ (recovery.conf) የሚባል ፋይል ፍጠሩ ይላሉ። ከፖስትግሬስ 12 ወዲህ ያ ፋይል ቀርቷል፤ ፎልደሩ ውስጥ ከተገኘ ሰርቨሩ ጭራሹን አይነሣም። ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው፣ ይህ ደግሞ አገር አገር ይሸታል። ቨርቹዋል ማሽኑ ሲተከል ሰዓቱ ዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሆኖ ይቀራል፤ አዲስ አበባ ከዚያ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ዴሊቱ በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ላይ ተሰጠ እንበል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 14፡10 ማለት ነው። ታርጌቱ ላይ 14፡09 ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ሰርቨሩ በዩቲሲ ያነበዋል፤ በኛ 11 ሰዓት ከ9 ይሆናል፤ ዴሊቱም አብሮ ይደገማል። ሎጉ እስከዚያ ሰዓት ካልደረሰ ደግሞ ከ13 ጀምሮ ያሉት እትሞች ታርጌቱ ጋ አልደረስኩም ብለው ይቆማሉ። መድኃኒቱ ከሰዓቱ ጎን መደመር 03 መጻፍ ነው።

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ፤ ግን ደግ አወጣጥ ነው። ቁጥር 7 ስለ ክሮን፣ በሊኑክስ ሰዓት ጠብቆ ሥራ ስለሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ጻፈ። የሥራ መመሪያ ላይ ባክአፕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይወሰድ ተብሎ ይጻፋል፤ ባለሙያው 8 ብሎ ያስገባል። ክሮን የሚያውቀው 8 ግን የኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ቅርንጫፉ በር ከፍቶ ወረፋው ሲሰለፍ ባክአፑ ዲስኩን ይዞት ቁጭ ይላል። ትክክለኛው 2 ነው። ሰርቨሩ ዩቲሲ ላይ ከሆነ ደግሞ 2 ተብሎ የተጻፈው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል፤ እዚያ የሚጻፈው 23 ነው። ቁጥር 8 መመሪያው በ24 ሰዓት ይጻፍ አለ፤ ቁጥር 9 ደግሞ መመሪያውን የሚያነበው ሰው ሐበሻ ነው አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ቁጥር 10 ፀባዩን ለወጠው። ይህ ሁሉ ላብራቶሪ ነው፣ ሲቪ የሚያነበው የሰው ኃይል ክፍል ዋል ምን እንደሆነ አያውቅም፣ የሚያየው ሰርተፊኬት ነው ብሎ ለቁጥር 5 ጸሐፊ በእርስዎ ጻፈለት። 19ሲ ለተባለው የኦራክል እትም የዲቢኤ ፕሮፌሽናል ማዕረግ በሁለት ፈተና ይገኛል፤ ቁጥራቸው 082 እና 083 ነው፤ ልጅቷ ጊዜዋን እዚያ ላይ ታውል የሚል ነው። ቁጥር 11 በትሕትና መለሰ። ሰርተፊኬት ከበር ያስገባል፤ ከበሩ ወዲያ ግን ጠያቂው ዲቢኤ ነው። የሚጠይቀውም ቴብልስፔሱ (ኦራክል ዳታ የሚያስቀምጥበት ክፍል) ሞልቷል፣ ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ነው። የዲስክ ቦታ ስንት እንደቀረ ሳታዪ ዳታፋይል እጨምራለሁ ካልሽ አለቀ፤ በተጨማሪም የፈተናው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ መሆኑ አለ። ቁጥር 12 ያው የ10 ጸሐፊ ነው፤ አሁን እርስዎ ቀርቶ አንተ ሆኗል፤ ሰርተፊኬት የሌለው ሰው ሰርተፊኬት ይንቃል አለ። ቁጥር 13 ጣልቃ ገብቶ የፈተና ደምፕ (አስቀድሞ የወጣ የፈተና ጥያቄና መልስ) ሸምድደው ያለፉ፣ ፒጂ ደምፕ ሲባሉ ግን የሚደነግጡ መኖራቸውን አስታወሰ። ሳቅ ሆነ፤ ነገሩ በዚያው በረደ።

ቁጥር 14 በቁጥር 11 የመግቢያ ጥያቄ ላይ ተንተርሶ ኦራክል የሚቆምበትን በጣም የተለመደ መንገድ ጻፈ። አርካይቭ ሎግ፣ እንደ ፖስትግሬሱ ዋል የለውጦች መዝገብ ቅጂ፣ የሚከማችበት ቦታ በመጠን የተገደበ ነው፤ የሌሊቱ ባክአፕ ለጥቂት ቀን ከከሸፈ ሎጉ አይጸዳም፤ ቦታው ይሞላል፤ ኦራ-00257 ይወጣል። ተጠቃሚው የሚያየው ግን ስሕተት ሳይሆን የሚሽከረከር ስክሪን ነው። ጀማሪው ፎልደሩን ከፍቶ በሊኑክስ ትእዛዝ አሮጌ ሎጎችን ያጠፋል። ዲስኩ ባዶ ሆኖ ዳታቤዙ አሁንም ሞልቷል ይላል፤ ምክንያቱም ሒሳቡ የሚያዘው በኦራክል የራሱ መዝገብ ነው፣ ፋይሎቹ መጥፋታቸውን ማንም አልነገረውም። እንዲያውም ካልተገለበጡት አንዱ ከጠፋ ከዚያ ወዲያ ያለው ሎግ ከበፊቱ ባክአፕ ጋር አይገናኝም። ሥርዓቱ ሌላ ነው። ዲስክ ላይ ቦታ ካለ ገደቡ ለጊዜው ከፍ ይደረግና ሰዉ ሥራውን ይቀጥላል፤ ከዚያ በአርማን፣ በኦራክል የባክአፕ መሣሪያ፣ አርካይቭ ሎጉ ባክአፕ ተወስዶ የተወሰደው እንዲጠፋ ይታዘዛል። አንዴ በእጅ ከተጠፋ ደግሞ ክሮስቼክ አድርጎ (መዝገቡን ከዲስኩ ጋር አመሳክሮ) ኤክስፓየርድ የተባለውን ከመዝገቡ መሰረዝ ነው። ወዲያውም አዲስ ሙሉ ባክአፕ ይወሰድ።

ቁጥር 15 የማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ ኤስኪውኤል ሰርቨርም ያንኑ በሽታ ይታመማል አለ። ሪከቨሪ ሞዴሉ ፉል ሆኖ (ሎጉ ባክአፕ እስኪወሰድለት ይቆያል ማለት ነው) የሎግ ባክአፕ ካልተያዘለት የሎጉ ፋይል ያብጣል፤ መጨረሻው 9002 ቁጥር ስሕተት ነው። ምን እንዳቆመው ለማየት ሲስ ዳታቤዝስ በሚባለው ቪው ውስጥ ሎግ ሪዩዝ ዌይት ዴስክ የሚለውን ኮለም ማየት ነው፤ ሎግ ባክአፕ የሚል ከሆነ መልሱ ራሱ እዚያው ተጽፏል። ሰዉ ግን ሞዴሉን ወደ ሲምፕል ቀይሮ ሽሪንክ አድርጎ (ፋይሉን አሳንሶ) ይገላገላል። ያን ጊዜ የሎጉ ሰንሰለት ተቆረጠ፤ ወደ ፉል ቢመለስም አዲስ ሙሉ ወይም ዲፈረንሺያል ባክአፕ እስኪወሰድ ወደፈለጉት ሰዓት መመለስ የለም።

ቁጥር 16 ለትናንሽ ድርጅቶች አዘነ። የሚጠቀሙት ነጻውን የኤስኪውኤል ሰርቨር እትም፣ ኤክስፕረስን ነው፤ በ2019ም በ2022ም እትሞች የአንድ ዳታቤዝ ጣሪያ 10 ጊጋ ነው። ኤጀንት የሚባለው ሰዓት ጠብቆ ሥራ የሚያስኬደው ክፍል ስለሌለው ባክአፑን በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ማዘዝ የግድ ነው። ለተማሪ ግን ኤክስፕረስ አያስፈልግም፤ ዴቨሎፐር እትሙ ሙሉ ሆኖ ነጻ ነው፣ ለሥራ ማዋል ብቻ ክልክል ነው። አንድ ሰው፣ ቁጥር 17፣ የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌሩ ፒችትሪም ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ነው ያለው ብሎ ጠየቀ። አይደለም ተባለ፤ የፒችትሪ ሞተር ፐርቫሲቭ ነው፣ የድሮው ቢትሪቭ። ከዚያ ሁለት መልስ ስለ ፒችትሪ ብቻ ሆነ፤ እሱን አልፈዋለሁ።

ቁጥር 20 ወደ አማርኛ ፊደል መራን። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ኮለሙ ቫርቻር የተባለው የጽሑፍ ዓይነት ከሆነ የአማርኛ ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ኮለሙ አማርኛንም የሚይዘው ኤንቫርቻር ሆኖም በስክሪፕት ሲገባ ከጥቅሱ በፊት ኤን ካልተደረገበት ያው ነው። የሚያሳዝነው የፎንት ችግር ነው ብለው ቆይተው ሲመለሱ ነው፤ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነውና ስሙ የለም፣ ከወረቀት እንደገና ይገባል። ቁጥር 21 የኦራክሉን ጨመረ። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ኮለሙ 20 ተብሎ ሲሠራ ኦራክል ካልተነገረው በቀር በባይት ስለሚቆጥር የሚገባው 6 ፊደል ነው። ገብረሥላሴ ይገባል፣ 18 ባይት ነው። ወልደገብርኤል አይገባም፤ ኦራ-12899 ወጥቶ ልኩ 24፣ ጣሪያው 20 ይላል። ቴብሉ ሲሠራ ከ20 ቀጥሎ ቻር ማለት ነው መፍትሔው። ይህቺ ነገር ለቅጥር ፈተና ብትቀርብ ስንቱን ትጥለው ነበር።

ቁጥር 22 የፍለጋውን ጣጣ አነሣ። ፀሐይ የሚለው ስም በፀና በጸ፣ መካከሉ ደግሞ በሐ፣ በሓ፣ በሀ፣ በሃ፣ በኀ፣ በኃ ይጻፋል፤ 12 ዓይነት ነው። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ በአንዱ ፈልጎ አጣሁ ይልና ደንበኛውን ሁለተኛ ይመዘግባል። ስሙን ራሱን መንካት አይገባም፤ መታወቂያው ላይ እንዳለው ይቀመጥ። ጎኑ ላይ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ የተጠቀለሉበት ሌላ ኮለም ይሠራና ኢንዴክሱ እሱ ላይ ይሁን። ፖስትግሬስ ትራንስሌት በሚባለው ፈንክሽን ይህን ራሱ እየሞላ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ መቀየር ግን የትም አያደርስም፤ ሰባቱም ቤት መዘርዘር አለበት፣ የሀና የሃ፣ የአና የኣ አንድነትም አይረሳ።

ቁጥር 23 ቀኑን አመጣ፤ ለኔ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። የኢትዮጵያን ቀን ዴት በሚባለው ዓይነት ኮለም ውስጥ እንዳለ ማስገባት ለወራት ሳያስነቃ ይሠራል። መስከረም በሰላም ያልፋል። ጥቅምት 29 ሲደርስ እምቢ ይላል፤ ዳታቤዙ የሚያየው ሁለተኛ ወር፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 29 ነው። 2017 ብሎ ያስገባ ሰው 29ንም 30ንም ይከለከላል፤ 2016 ብሎ ያስገባ ግን 29 ያልፍለትና 30 ላይ ይወድቃል፣ 2016 በነሱ ስሌት ለአራት የሚካፈል ነውና። ጳጉሜን ጭራሽ አይታሰብም፤ 13ኛ ወር የለም። እነዚህስ ስሕተት ስለሚያወጡ ይታያሉ። የማይታየው የቀን ልዩነት ነው። ከመጋቢት 30 እስከ ሚያዝያ 1 አንድ ቀን ነው፤ ዳታቤዙ ግን ሰባተኛውን ወር ባለ 31 አድርጎ ስለሚቆጥር ሁለት ይላል፤ ወለድ የሚሰላ ከሆነ የአንድ ቀን ወለድ በትርፍ ተጻፈ። የሚቀመጠው በጎርጎርዮሳዊው ይሁን፣ ወደኛ የሚለወጠው ስክሪንና ወረቀት ላይ ሲወጣ ብቻ።

ቁጥር 24 ተቆጣ። ልጅቷ ሥራ እንዴት ልግባ ብላ ጠየቀች፣ እናንተ ጳጉሜን ላይ ናችሁ አለ። እሱም ቢሆን ቀጥሎ ያመጣው ክላውድ ይህን ሙያ ይበላዋል የሚለውን ነው። ቁጥር 25 በአጭሩ ዘጋው፤ ክላውድ የሚወስደው ፓች (የሶፍትዌር ማረሚያ) መጫኑንና ባክአፕ ሰዓት ጠብቆ መውሰዱን ነው። ማን የቱን ቴብል ያያል፣ የተጓተተው ኩዌሪ ለምን ሙሉ ቴብል ያነባል፣ የተወሰደው ባክአፕ ይመለሳል ወይ የሚለው እዚያም ሰው ይፈልጋል።

ቁጥር 26 ግን የ24ን ቁጣ ከምር ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዜሮ ዓመት ሆኖ በቀጥታ ዲቢኤ ተብሎ የሚቀጠር ጥቂት ነው። በሩ የአይቲ ድጋፍ፣ የአፕሊኬሽን ድጋፍና የሪፖርት ሥራ ነው። እዚያ ገብቶ ማንበብ ብቻ የሚፈቅድ ዩዘር በደብዳቤ መጠየቅ፣ የየቀኑን የባክአፕ ውጤት የመመርመሩን አሰልቺ ሥራ በፈቃደኝነት መውሰድ፣ ዲቢኤው ሪስቶር ሲሞክር አጠገቡ መቀመጥ። ሲቪ ላይ ኦራክል አውቃለሁ ከሚል መስመር ይልቅ ይህን ያህል ጊጋ በዚህ ያህል ደቂቃ መልሻለሁ የሚል ይጻፍ። ይህ ከቁጥር 5 የደቂቃ ምክር ጋር ገጠመ። በመካከል ስለ ደሞዝ የተጻፉት 27 እና 28 ፍሬ የላቸውም፤ እርስ በርስ የማይገናኙ ቁጥሮች ናቸው።

ቁጥር 29 ስለ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለችውን ጊዜ የሚሸፍነው ዩፒኤስ ነው፤ የዩፒኤሱ ባትሪ ከደከመ ሰርቨሩ በጽሑፍ መሀል ይወድቃል። ዳታቤዝ ለዚህ ተዘጋጅቶ ነው የተሠራው፤ ኮሚት፣ ማለትም ይጽና፣ የተባለውን ዲስክ ላይ ማረፉን ሳያረጋግጥ አለቀ አይልም። ፍጥነት ፍለጋ ይህን ማረጋገጫ፣ ኤፍሲንክን፣ የሚያጠፋ ሰው ይህን ዋስትና በገዛ እጁ ይጥላል፤ ባትሪ የሌለው የሬይድ (ዲስኮችን የሚያጣምር) ካርድ ካሼም፣ ጊዜያዊ ማቆያው፣ እንደዚያው ያስዋሻል። ሬይድም ባክአፕ አይደለም፤ ዌር የሌለውን ዴሊት በሁለቱም ዲስክ እኩል ያጠፋዋል። ቁጥር 30 የኛን አገር ነገር አከለ፤ ባክአፕ ዲ ድራይቭ ላይ ነው ሲባል ሲ እና ዲ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል መሆናቸውን ማንም አይጠይቅም።

ቁጥር 31 ጠንከር ያለ ነበር። ልምምድ ተብሎ የመሥሪያ ቤት ዳታ በፍላሽ ወደ ቤት መውሰድ እንደሌለ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን፣ ጄነሬት ሲሪስ ያለው ሰው የሰው ስም እንደማያስፈልገው ጻፈ። ማንም አልተከራከረውም።

ጠያቂዋ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቁጥር 32 ላይ ተመለሰች። የቁጥር 5ን የመጀመሪያ ልምምድ ሠርታለች፤ 5 ሚሊዮኑ ረድፍ ተመልሷል፤ ግን ሁለተኛው ማሽን ላይ ፒጂ ሪስቶር ሮሉ (ዩዘሩ) የለም እያለ ስሕተት ደርድሯል። ቴብሎቹም በሷ ዩዘር ሳይሆን ሪስቶሩን ባስኬደው ዩዘር ስም ሆነዋል። ቁጥር 33 ፒጂ ደምፕ የሚያወጣው አንድ ዳታቤዝ ብቻ እንደሆነ አስረዳት። ዩዘሮቹና ፓስወርዳቸው የሚኖሩት ከዳታቤዙ ውጭ፣ በሰርቨሩ ደረጃ ነው። እነሱን ፒጂ ደምፕ ኦል፣ ግሎባልስ ኦንሊ በሚለው አማራጭ ለብቻ አውጥቶ በመጀመሪያ እነሱን፣ ከዚያ ዳታውን መመለስ ነው። ቁጥር 34 ረድፍ መቁጠር ብቻ እንዳይበቃት፣ የገንዘቡን ኮለም ድምር በሁለቱም ማሽን ላይ እንድታመሳክር ነገራት። በማግስቱ ድምሩ ገጥሟል ብላ ጻፈች፤ ሁለተኛውን ልምምድም ጀምራለች፣ ታርጌቱ ላይ መደመር 03 አልረሳችም።

ቁጥር 36 የቁጥር 2 ጸሐፊ ነው። አሁንም አንድ መስመር፤ የኦራክሉ ነጻ እትም ፋይል ከባድ ስለሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ኔቱ ሲፈጥን እንድታወርደው መከራት። የቁጥር 7 ጸሐፊ ወዲያው ከሥሩ መጥቶ በየትኛው 8 ብሎ ጠየቀ።